ዓመት ያልጠበቀ እግር

የቺዙሩ አማት ፉሳኤ፣ የጨርቁን ሁለት ጫፍ በሕፃኗ በናጊ ደረት ላይ አመሳቅለው ቋጠሮውን ያጠብቃሉ። ጨርቁ ከተወቀጠ ሩዝ የተድቦለቦለውን ሞቺ ይዟል፤ ነጭ፣ ገና ለብ ያለ፣ ከናጊ ጀርባ የሚሰፋ። ሕፃኗ አታለቅስም። ሰሌኑ ላይ ተቀምጣ የአያቷን ጣቶች ትመለከታለች።

«አይከብዳትም፣ እማማ?» ትላለች ቺዙሩ፣ ከአማቷ ጎን እንደተንበረከከች።

«እንዲከብዳት አይደል እንዴ! የዕድሜ ልክ ቀለቧን እኮ ነው ያሸከምኳት።»

«የእኔዋን የልጅ ልጅ ባያችኋት» ይላሉ የባሏ የኮሄይ አክስት ቶሚዮ ከጥግ፣ ሳቃቸው እየቀደማቸው። «እንደ ኤሊ በጀርባዋ ተንጋለለች። ምሳ በልተን ስንጨርስ እንኳ እዚያው ናት!»

ኮሄይ ስልኩን በሁለት እጁ ይዞ ሚስቱንም ልጁንም በምስሉ ውስጥ ያስገባል። «እማዬ፣ ወደ ብርሃኑ አዙሪልኝ።» ከዚያ ራሱ ተነስቶ ወደ ኮሪደሩ የሚወስደውን ተንሸራታች የወረቀት በር ይከፍተዋል።

በዚህ መንደር፣ ዓመቷ ሳይሞላ የተራመደች ልጅ ቤቷን ጥላ ትሄዳለች ይባላል። ስለዚህ በመጀመሪያ ልደቷ ቀን ሞቺ ያሳዝሏታል። ከወደቀች እሰየው፤ ካልወደቀች ይገፏታል። ስትወድቅ ይጨበጨባል፣ ዓሣው ይቀርባል፣ ቀኑ በደስታ ይውላል።

ናጊ መራመድ ከጀመረች ሰንብታለች። ይህን የምታውቀው ቺዙሩ ብቻ ናት። በጓሮ በኩል ባለችው ጠባብ የልብስ ማጠቢያ ክፍል፣ በሩን ዘግታ፣ የማሽኑ ጩኸት የትንንሾቹን እግሮች ኮቴ እንዲውጥላት እያደረገች አስተምራታለች። በሰው ፊት ግን ከእቅፏ አታወርዳትም። አማቷ «ኧረ ልጅቷ መሬት ትርገጥ!» ሲሏት፣ «ወለሉ ይቀዘቅዛል» ትላለች።

ወደዚህ ቤት በሙሽርነት ስትገባ፣ ከተማ ወዳለው የመድኃኒት ቤት ሥራዋ ጸደይ ሲመጣ እንደምትመለስ ቃል ተገብቶላት ነበር። ጸደዩ «ልጅቷ ጡት ስትተው» ሆነ፤ ያ ደግሞ «እስኪ እናያለን» ሆነ። አሁን ነገሩን የሚያነሳው የለም፤ እሷም ብትሆን። ለራሷ መለመን ከተወች ወዲህ የምትመኘው አንድ ነገር ነው፤ ናጊ ዛሬ እንዳትወድቅ።

«ሱሚኤን ገፍቼ አልጣልኳትም» ይላሉ ፉሳኤ በድንገት፣ እጃቸው ቋጠሮው ላይ እንዳለ።

ሱሚኤ የኮሄይ ታላቅ እህት ናት። ስሟ በዚህ ቤት ብዙ አይነሳም።

«ሆዴ አልቻለማ። ቆማ እየሳቀችብኝ እንዴት ብዬ ልግፋት? ይኸው፣ ለአዲስ ዓመት እንኳ ድምፅዋን አልሰማም።»

ቶሚዮ ሳቃቸውን ይውጣሉ። ኮሄይ ስልኩን ዝቅ ያደርጋል።

«ስለዚህ አንቺ ግፊያት፣ ቺዙሩ። የእናት እጅ አይጎዳም።»

«እኔ?»

«ታዲያ ማን? ልጅሽ አይደለችም?»

ናጊ መዳፎቿን ሰሌኑ ላይ ትተክላለች። ወገቧን ወደ ላይ ታነሳለች። ሞቺው ወደ ኋላ ይጎትታታል፤ ትወዛወዛለች፤ ጉልበቷ ይታጠፋል። ከዚያ ትቆማለች። አንድ እግሯን ታነሳለች፣ ሌላኛውን ታስከትላለች።

«ወይ ጉድ!» ይላሉ ቶሚዮ። «ይቺ ተለማምዳ ነው የመጣችው!»

«ግፊያት!» የፉሳኤ ድምፅ ይቀጥናል። «ምን ትጠብቂያለሽ? ግፊያት እንጂ!»

ቺዙሩ ትነሳለች። እጇን ትዘረጋለች፤ አትነካትም። ልጅቷ ለብርሃን ተብሎ በተከፈተው በር ትወጣለች፣ የኮሪደሩን እንጨት ትረግጣለች፣ ትጓዛለች። ሞቺው በእያንዳንዱ እርምጃ ከትከሻ ወደ ትከሻ ያጋድላል። ቺዙሩ እጇን እንደዘረጋች ከኋላ ከኋላ ትከተላታለች። ለአፍታ፣ ሁለቱ ብቻቸውን አንድ ቦታ የሚሄዱ ይመስላታል። ሊያስቆማቸው የተነሳ ሰው የለም፤ ሁሉም የእሷን እጅ እየጠበቀ ነው።

በማጠቢያው ክፍል ውስጥ ደረጃ የለም። ናጊ ወለል እንደሚያልቅ አታውቅም። ቺዙሩ ሁሉን ስታስተምራት ይህን አላስተማረቻትም።

ኮሪደሩ የቤቱ መግቢያ ጋ፣ ጫማ ከሚወለቅበት ዝቅ ካለው የድንጋይ ወለል በላይ ያልቃል። ናጊ እግሯን ወደ ፊት ታነሳለች። የምታሳርፍበት የለም።

የቺዙሩ ጣቶች ከሞቺው ሥር፣ አማቷ አጥብቀው ባሰሩት ጨርቅ ውስጥ ይገባሉ። ጨርቁ ይወጠራል። ቋጠሮው አይፈታም።

«ያዘቻት! ያዘቻት!» ከኋላ ጭብጨባ ይነሳል። ኮሄይ ስልኩን መልሶ እንዳነሳ ይስቃል። «ይሄንንስ ቀርጼዋለሁ!»

ፉሳኤ ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ እያለ ይደርሳሉ። እጃቸውን በምራታቸው ትከሻ ላይ ያሳርፋሉ፤ እጃቸው ሞቃት ነው፣ ሩዝ ሩዝ ይሸታል።

«እኔን ያቃተኝን ቻልሽው፣ ልጄ። ከመሄድ አስቀረሻት።»

እስከ ዛሬ ልጄ ብለዋት አያውቁም። ቺዙሩ ጣቶቿን አታላላም። ናጊ አላለቀሰችም። ጠዋት ቺዙሩ ራሷ አፍንጫቸውን ወደ በሩ አዙራ ከደረደረቻቸው የእንግዶቹ ጫማዎች በላይ ተንጠልጥላ፣ በባዶው አየር ውስጥ፣ እግሮቿ ገና ይራመዳሉ።