አንድ ጊዜ ብቻ የጠየቀው ዶክተር

«አይ... ግዴለም ዶክተር፣ ይቅርብን!» አለ ይልማ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ፈገግ እያለ።

«እሺ፣ ውሳኔዎን አከብራለሁ» አለ ዶክተሩ።

ወጣ። በቃ... ወጣ!

ነገሩ በፈረንጆቹ 2007፣ አሜሪካ ሚኒያፖሊስ ነው። ይልማ እዚያው አቅራቢያ ቡርንስቪል ካለ መጋዘን ሺፍቱን እየጨረሰ ልጁን ሆስፒታል የሚያስታምም አባት ነው።

የአሥራ ሰባት ዓመቷ ማዕዶት የደም ካንሰር ይዟታል። የካንሰሩ መድኃኒት እግሯን አደንዝዞት ያለ ድጋፍ መቆም አቅቷታል።

ዶክተሩ የመጣው ወጣት ታማሚዎችን ለጥናት ሊጋብዝ ነበር። መደንዘዙን ይቀንስ እንደሆነ የሚሞከር መድኃኒት አለ... መሥራቱ ገና አልታወቀም፣ ግን ተስፋ ነው።

ይልማ ልቡ ቋምጦ ነበር። ግን እኛን ታውቁናላችሁ አይደል? ገና ሲጠይቁን እሺ ማለት ነውር ነው። «በሞቴ» ካልተባልን አንቀምስም!

«ዋይ ዳድ? ምነው እሺ ብትል?» አለች ልጅቷ።

«ይመለሳል ልጄ። ሰው አንዴ ጠይቆ ይተዋል እንዴ?»

በሩ በተከፈተ ቁጥር ቀና ይላል... ነርሷ ናት። ምግብ አቅራቢው ነው።

ዶክተሩ አልተመለሰም።

አንድ ቀን ጎረቤት ክፍል የተኛችው ነጭ ልጅ እናት ለይልማ ምን አለችው?

«እኔም መጀመሪያ እምቢ ብዬ ነበር፤ ፈርቼ። ዶክተሩ ግን እየተመላለሰ፣ አጠገቤ ቁጭ ብሎ አስረዳኝ። አሁን ልጄ ጥናቱ ውስጥ ናት።»

ይልማ ደሙ ፈላ። ዶክተሩን እየጎተተ ማዕዶት ክፍል አመጣው።

«እነሱ ጋ ተመላለሱ... እኛ ጋስ?»

የዶክተሩ ፊት ቀላ። «እምቢታችሁ ባህላችሁ መስሎኝ... እንዳልጫናችሁ ብዬ ነው። አሁን ቦታው ሞልቷል። አዝናለሁ።»

ሁለቱ ሲጨቃጨቁ ማዕዶት ከአልጋዋ ሆና፣ ሁለቱም እንዲሰሟት በእንግሊዝኛ ጮኸች።

«ዳድ፣ አንተ ይሉኝታ ያዘህ! ዶክተር፣ አንተ ባህሌን አከበርክ! እግሩ ግን የእኔ ነው... እኔን ማን ጠየቀኝ?»



ቤተሰብ፣ እውነቱን ልንገራችሁ... እንዲህ ያለ ነገር መጻፍ ደክሞኛል።

የነጯን እምቢታ ፍርሃት ነው ብሎ የሚያባብል፣ የእኛን ግን ባህል ነው ብሎ የሚዘጋ ሰው አከበርኩ አይበል። እኛም በልጅ ጤና ይሉኝታ ይቅርብን። ደግሞ ታማሚዋ አፍ አላት፤ እሷን ጠይቋት!

እስቲ እናንተ ፍረዱ... ማዕዶትን ይበልጥ የበደላት ማነው? ዶክተሩ ወይስ አባቷ? ኮመንት ላይ ጻፉልኝ።