ለሩቅ አገር ሙታን

በሰባ ስምንት ዓመተ ምሕረት ዓለም በቦምብ ስትታመስ ከረመች። አንድ ቀን አውሮፕላን ማረፊያ፣ ሌላ ቀን መርከብ፣ ሌላ ቀን የገበያ አዳራሽ። ጎረቤቴ እትዬ እንኳየሁ የምሽቱን ዜና ከእኔ ሬዲዮ ሊሰሙ ይመጣሉ። ሰው የሞተበት አገር ሲጠራ እንደ ለቅሶ ቤት ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ያለቅሳሉ። ሲበቃቸው ወደ ሬዲዮኑ ዞረው «እግዜር ያጥናችሁ» ይሉና ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ።

«ምነው እትዬ፣ ለማያውቋቸው ሰዎች?» አልኋቸው አንድ ማታ።

«የራሴን ልጅ በቀይ ሽብር ሲገድሉት እንዳላለቅስ ከለከሉኝ። ለፈረንጅ ባለቅስ ግን ቀበሌው ምን ይለኛል?» ብለው ሳቁ።

እንደዚያ ሲያለቅሱ የልጃቸውን ስም አንድም ቀን ሲጠሩ አልሰማሁም።

ጥር ላይ ታላቅ ወንድሜ ደመቀ በውጭ አገር ትምህርቱን ጨርሶ ሊመለስ ሆነ። ከእሱ በቀር ዘመድ የለኝም። ዛሬ ተነሥቶ፣ መንገድ ላይ አውሮፕላን ቀይሮ ነገ አዘዞ ያርፋል። አልጋውን አንጥፌ ስጨርስ እትዬ እንኳየሁ ቀበሌ ተጠርተው ቆይተው ገቡ። ጀምበር አልጠለቀችም። ነጠላቸው ግን ተዘቅዝቋል።

«ዛሬ ደግሞ የት አገር ነው? ዜናው እኮ ገና ነው» ብዬ ቀለድሁባቸው።

አልሳቁም። ሁልጊዜ የሚቀመጡባትን ከሬዲዮኑ አጠገብ ያለችውን ወንበር አልፈው መጡና በሁለት እጃቸው ትከሻዬን ያዙኝ።

«እግዜር ያጥናህ፣ ልጄ» አሉኝ።

ሬዲዮኑን ገና አልከፈትሁትም ነበር።