የጋሼ ሎ መዳፍ

በታይቹንግ ብሎን ፋብሪካ ቢሮ ውስጥ፣ ቦዌይ የአሮጌውን ኮምፒውተር ዲስክ ማጫወቻ በአዲስ ቀይሮ የጥንቱን ዊንዶውስ እንደገና እየጫነ ነበር። በአገሩ ልማድ ኮምፒውተሩ አደብ እንዲገዛ ከላዩ ላይ የሚቀመጠውን አረንጓዴ የበቆሎ ቺፕስ ማንም አይነካም። ያስቀመጠው ደግሞ ለቦዌይ ሙያውን ያስተማረው ሟቹ ጋሼ ሎ ነው። ጋሼ ሎ ሲዋሹት አይቆጣም ነበር፤ እውነቱን እስኪነግሩት ድረስ መዳፉን ዘርግቶ ዝም ብሎ ይጠብቃል።

ጭነቱ እንደ ኤሊ አዘገመ። ቦዌይን ራበውና ቺፕሱን በላው።

ዊንዶውሱ ተጭኖ አልቆ ዲስኩን እንዳወጣ ጸሐፊዋ እትዬ ሲዩፌንግ ገባች።

«ቺፕሱስ?»

«የምን ቺፕስ፣ እትዬ? ስመጣም አልነበረም።»

«አይጥ ነዋ! አገጭህ ላይ ያለው ፍርፋሪስ? እሱንም አይጧ አጉርሳህ ነው?»

ቦዌይ ፊቱ ፍም መሰለ። «ጋሼ ሎ ይሙት፣ አልነካሁም!» ብሎ ማለ፤ ሰውየው ከተቀበረ ወር እንኳ አልሞላውም።

የዲስክ ማጫወቻው መሳቢያ ማንም ሳይነካው ባዶውን ወጣ። ቦዌይ መልሶ ከተተው። ደግሞ ወጣ።

«አዲስ ስለሆነ ነው» አለ፣ ቀና ብሎ ሊያያት አፍሮ። መሳቢያውን ዘጋና ገመዱን ከግድግዳው ነቀለው። ስክሪኑ ጠፋ፣ ማራገቢያውም ዝም አለ።

«በል አሁን ንገረኝ። በልተኸዋል?»

«አልበላሁም።»

ገመዱ እጁ ላይ እንደተንጠለጠለ፣ መሳቢያው ቀስ ብሎ ተዘረጋ።