የማናውቃት ውሻ

«ቅዳሜ የተጋጣሚያችንን ኮከብ፣ ሃሪስን፣ እግር በእግር የሚይዘው ናሁሰናይ ነው» አለኝ አሰልጣኙ፣ ሜልበርን ቤታችን ሳሎን ቁጭ ብሎ። በአውስትራሊያ እግር ኳስ ዛሬ ዛሬ ኮከብ ያዥ የሚሆን ተጫዋች የኮከቡ ልማድ በማሽን ጭንቅላቱ ላይ ይጫንበታል፤ ሰውየው ወዴት እንደሚሮጥ ቀድሞ እንዲያውቅ።

«ባለፈው የጫናችሁበት ሰውዬ እኮ ገና አልለቀቀውም! ሌላ ወንድ ጠፋ?»

«እንደ ወንድምሽ ጭንቅላት ቶሎ የሚቀበል የለም።»

«ባዶ ቤት መሰላችሁ እንዴ?»

አጠገቤ የተቀመጠው ናሁሰናይ ሳቀ። «ተይ እንጂ እህቴ፣ ተመርጬ እኮ ነው።»

ደስ ብሎታል። ምን ልበል? የፈቃዱን ወረቀት የሚፈርመው እሱ ነው።

ፈርሞ ሲጨርስ ወደ ጓሮው በር ዞሮ አፏጨ። «ሮክሲ! ነይ ግቢ፣ እየዘነበ ነው።»

እኛ ውሻ ኖሮን አያውቅም፤ የዚያ የባለፈው ሰውዬ ውሻ መሆን አለባት። በሩን እያየ ሲጠብቅ ግን አላስቻለኝም፤ ተነስቼ ከፈትኩላት።