የኋላው መተርኮሻ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሁለት ወዳጆች አፍርቻለሁ፤ ልብስ ሰፊውንና ነርሷን። ያወዳጀን ይኸው የእኔ አሮጌ መኪና ነው። እሁድ እሁድ ጠዋት ከከተማ ወጣ እንላለን፤ ልብስ ሰፊው ከጎኔ፣ ነርሷ ከኋላ። ቅዳሜ ውስጡን የምወለውለው እኔው ነኝ።

ባለፈው ወር የኋላውን የሲጋራ መተርኮሻ ብከፍተው የተቆረጠ ጥፍር ሞልቶታል። ቢጫ፣ ወፍራም፣ ሥሩ እድፍ የቋጠረ። ደፍቼ በሳሙና አጠብኩት። ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ ሞልቶ ይጠብቀኛል።

ዛሬ አላስቻለኝም። ገና ሳንሳፈር ነርሷን፣ "እትዬ፣ ጥፍርዎን ቤትዎ ቢቆርጡ ምናለበት?" አልኳቸው።

እጃቸውን ዘረጉልኝ። "አርባ ዓመት ቁስል ያጠበ እጅ ጥፍር አያሳድግም። እኔማ እኚያን ሰውዬ ወንድምዎ ናቸው ብዬ በይሉኝታ ዝም አልኩ እንጂ፣ አጠገቤ ተቀምጠው ሲቆርጡ እኔንም ያስጠላኛል።"

"የምን ወንድም? እኔ ወንድም የለኝም።"

ልብስ ሰፊው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "እኔም ያልተናገርኩት እንዳላሳፍርዎ ብዬ ነው። የእጃቸውስ ይሁን፤ የእግራቸው ነው የሚብሰው።"

ሦስታችንም ደጅ ቆመናል። መኪናው ውስጥ ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማ። በተከፈተው የኋላ መስኮት አንድ ጥፍር ተፈናጥሮ ወጣና ከንፈሬ ላይ ተለጠፈ።

ገና ይሞቃል።