የቁመቱ ልክ

ከመካነ ሰላም የመጣችው የጤና ባለሙያ ሰርካለም፣ ቀትር ላይ ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት ደጅ ቆማ የትራኮማ ክኒን ታድል ነበር። ክኒኑ የሚሰጠው በቁመት ነው፤ ሰው ሁሉ ከመለኪያው እንጨት ጎን እየቆመ ድርሻውን እዚያው ፊቷ ይውጥ ነበር። እማማ አልታዬ ግን ተራቸው ሲደርስ አልቆሙም። የያዙትን ረዥም የባሕር ዛፍ ዘንግ አቀበሏት።

«የባሌ ቁመት ነው፣ ልጄ። እሱ ዛሬ መቆም አይሆንለትም፤ በዚህ ስፈሪለት።»

«አምና ስንመጣ እሳቸው የት ነበሩ?»

«አምናማ እምቢ አለ። በእንጨት የሚለካ ሬሳ ነው ብሎ። ይኸው ዓይኑ ጠፍቶ ከረመ።»

ሰርካለም ዘንጉን ከመለኪያዋ ጋር አስተያየችው፤ አራት ክኒን። ላልመጣ ሰው መስጠት ክልክል ነበር። የአሮጊቷ መዳፍ ግን እንደተዘረጋ ቀረ። ቆጥራ አስቀመጠችላቸው። ዘንጉን ልትመልስ ስትል እጇ ላይ እርጥበት ተሰማት። ጫፉ ላይ ቀይ ጭቃ ተለጥፏል፤ ዝናብ ከጠፋ ግን ወር አልፎታል።

ያን ጊዜ ከቤተ ክርስቲያኑ በኩል ዶማ የያዘ ጎልማሳ እያለከለከ መጣ። ዓይኑ ሰርካለም በያዘችው ዘንግ ላይ አረፈ።

«እማማ፣ ዘንጉን ይስጡን እንጂ» አለ ቀስ ብሎ። «ጉድጓዱን በምን እንለካ? ሬሳው ሊወጣ ነው።»

እማማ አልታዬ ክኒኖቹን ጨበጡ።

«ትንሽ ይቆይ» አሉት። «መጀመሪያ መድኃኒቱን ይዋጥ።»