ፈዋሹ ንጥረ ነገር

ልሳነወርቅ የመድኃኒት ፋብሪካ ኬሚስት ነው። ለስንፈተ ወሲብ የሚወስደውን ክኒን ግን ስለሚያፍር ከልጅነት ጓደኛው ከፋርማሲስቱ ከደርበው በምስጢር ይቀበል ነበር። ክኒኑ ሁለት ዓመት ሙሉ ሠርቶለታል። ለሚስቱ ለወይንሸት ቫይታሚን ነው ብሏት ነበር።

አንድ ቀን ፋብሪካው አዲስ የመመርመሪያ መሣሪያ አስገባ። ልሳነወርቅ እስቲ ልሞክረው ብሎ የራሱን ክኒን ፈጭቶ መረመረ። ስታርች፣ የወተት ስኳርና ሰማያዊ ቀለም ብቻ ተገኘ። ፈዋሹ ንጥረ ነገር ጭራሽ የለም። ሦስት ጊዜ ደገመው፤ ያው ነው።

በምሳ ሰዓት ደርበው ዘንድ ሄዶ ውጤቱን ፊቱ ወረወረለት።

«ሁለት ዓመት ሙሉ ዱቄት ታበላኛለህ?»

ደርበው በሩን ዘጋ። «እውነተኛው ክኒን ከልብ መድኃኒትህ ጋር ከተገናኘ ይገድልሃል።»

«የልቤን ሕመም መቼ ነገርኩህ?»

«ወይንሸት ነገረችኝ። አንተ ከመምጣትህ በፊት መጥታ፣ ‹ክኒን ከጠየቀህ ባዶውን ስጠው› ብላ ለመነችኝ።»

«ቁጭ ብላችሁ በእኔ ገመና ተማከራችሁ?» አለ ልሳነወርቅ።

ቤቱ ገብቶ ለወይንሸት ምንም አላላትም። ከዚያን ቀን በኋላ ግን አንድም ጊዜ አልሆነለትም።